የምግብ ጠረጴዛችን ሁለት ጊዜ ተቀባ

ጠረጴዛውን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው። ቅዳሜና እሁድ እየሠራሁ አራት ወር ፈጀብኝ። ርዝመቱ 180 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 90፣ ውፍረቱ 3 ነው። ሰባት የኦክ ሳንቃዎች በኮላ ተጋጥመው አንድ ገጽ ሆነዋል። ለመጋጠሚያዎቹ ሳምንታት ተጨንቄያለሁ። እግሮቹ እንዳይነቃነቁ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ምን ልቀባው ለሚለው ጥያቄ የሰጠሁት ግን አንድ ከሰዓት ብቻ ነበር።

ያ አንድ ከሰዓት ብዙ አስከፈለኝ። ሰባት ወር ሳይሞላ ገጹን እስከ እንጨቱ ድረስ ፍቄ እንደገና ቀባሁት። የመጀመሪያው ቅብ ለምን እንዳልሆነ፣ ሁለተኛውን እንዴት እንደመረጥኩ፣ ዛሬ ከ14 ወር በኋላ ጠረጴዛው ምን እንደሚመስል በዝርዝር ልንገራችሁ። እንጨት ሠርታችሁ ፊኒሺንጉ ላይ ከደረሳችሁ፣ ብሩሹን ከማንሳታችሁ በፊት ብታነቡት ደስ ይለኛል።

ጠረጴዛው ላይ የሚውለው

ቤት ውስጥ ስድስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና እናቴ። የመጨረሻዋ ልጅ 6 ዓመቷ ነው። ጠረጴዛው ላይ እንበላለን። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን እዚያው ይሠራሉ። ባለቤቴ ማታ ማታ ላፕቶፗን ከፍታ ትሠራበታለች። እናቴ በመስኮቱ በኩል የራሷ ቦታ አላት፤ ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ይዛ እዚያ ትቀመጣለች። በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ትኩስ ድስት ያርፍበታል፣ ውሃ ይደፋበታል፣ ሹካ ይጎተትበታል።

ይህን ቀድሜ ወረቀት ላይ አስፍሬው ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ቅብ አልመርጠውም ነበር። እኔ ግን በዚያን ሰዓት የማስበው እንጨቱ እንዴት እንደሚያምር ብቻ ነበር።

የተልባ ዘይትና ሰም

የመረጥኩት የፈላ የተልባ ዘይት ነው። የፈላ ይባላል እንጂ አሁን በአብዛኛው የሚሸጠው አይፈላም፤ ቶሎ እንዲደርቅ ማድረቂያ ኬሚካል ይገባበታል። ጥሬው የተልባ ዘይት እንጨት ላይ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጃል። ሦስት ጊዜ ቀባሁ። በየመሃሉ አሳደርኩት። በመጨረሻ በንብ ሰም አሸሁት።

ያምር ነበር። የእንጨቱ መስመር ከውስጥ ብርሃን የበራበት ይመስላል። መዳፍ ሲያርፍበት ሞቅ ያለና ልስልስ ያለ ነው። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ሳይዳስሰው አይሄድም።

በስድስተኛው ሳምንት ግን ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ የታየው የብርጭቆ ክብ ነው። የንብ ሰም 62 ወይም 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ሰሙን ለማለስለስ ይበቃዋል። ቀጥሎ እርጥብ ጨርቅ የሚበዛበት ቦታ እየደበዘዘና እየሻከረ መጣ። ውሃ ሲነካው የእንጨቱ ቃጫ ይነሳል። በየሁለት ሳምንቱ ሰም አሻለሁ፤ ሳምንት ሳይሞላው ይሄዳል።

ከዚያ ጥቁሩ ክብ መጣ። አንድ ማታ ሥሩ ያልደረቀ የብረት ድስት ጠረጴዛው ላይ ተረስቶ አደረ። ጠዋት ሳነሳው ከሥሩ ጥርት ያለ ጥቁር ቀለበት ወጣ፤ ያውም እናቴ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ። በሳሙና አጠብኩት። በሎሚ አሸሁት። ወይ ፍንክች።

ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ኦክ ታኒን የሚባል ነገር በብዛት አለው። ታኒን ከብረትና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ጥቁር ቀለም ይወጣዋል። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የጻፉበት ጥቁር ቀለም የሚዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ኦክ ዛፍ ላይ ከሚያብጥ እባጭና ከብረት ጨው። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ሳላስበው የጽሕፈት ቀለም በጥብጬበታለሁ። እንዲህ ያለው ቀለም እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ ከላይ ቢታጠብ አይለቅም።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ክብ ካያችሁ እርጥበቱ ቅቡ ውስጥ ነው የቀረው፤ እንጨቱ አልተነካም፤ ብዙ ጊዜ ይድናል። ጥቁር ከሆነ ግን ውሃው ቅቡን አልፎ እንጨቱ ጋ ደርሷል። የእኔ ጥቁር ነበር።

ጥፋቱን በዘይቱ ላይ አላሳብብም። የተልባ ዘይት ከአየር ውስጥ ኦክስጅን እየሳበ ይጠጥራል። ሲጠጥርም ለስላሳ ሆኖ ነው የሚቀረው። እንጨቱ ላይ ውፍረት ያለው ሽፋን አይሠራም፤ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል እንጂ ያልፈዋል። ለመዶሻ እጀታ፣ ለመጻሕፍት መደርደሪያ ደስ የሚል ቅብ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚታጠብ ገጽ ግን አቅሙ አይፈቅድም።

እናቴ ያን ቀለበት ካየች ጀምሮ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ተወች። በእጇ ይዛ ትጠጣለች። አንድ ጠዋት «እማዬ፣ ለምን አታስቀምጪውም?» አልኳት። «ልጄ፣ ይሄ ልንበላበት ነው ወይስ ልናየው የተሠራው?» አለችኝ። ስትናገር ቁጣ አልነበረባትም። እንዳታበላሽብኝ ተሳቅቃ ነው። ሠርቼ ያቀረብኩላትን ጠረጴዛ እንድትፈራው አድርጌያት ነበር። እንደገና መቀባት እንዳለብኝ የቆረጥኩት የዚያን ዕለት ነው።

«ከምን?»

በዚህኛው ዙር አልቸኮልኩም። ዕድሜያቸውን እንጨት ላይ የጨረሱ አንድ አናጺ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ የማይበገረው ቅብ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ከምን?» አሉኝ።

አልገባኝም። «ከምን የማይበገር? ከውሃ ነው? ከሙቀት? ከጭረት? ወይስ ልጆች ከሚያመጡት ነገር ሁሉ?» አሉኝ። ከዚያ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልኝ። ውሃን የሚችል ሙቀት ላይ ይሸነፋል። ጭረት የማይነካው ሲበላሽ አይጠገንም። በቀላሉ የሚጠገነው ደግሞ አልኮል ያቀልጠዋል። «ምንም ቀባህ ምን፣ አንድ ቀን መጫሩ አይቀርም። ያን ቀን ምን እንደምታደርግ አሁኑኑ አስብበት» አሉኝ።

በዚያ ጥያቄ ነገሩ ሁሉ ፈር ያዘልኝ። ቤት ስገባ ወረቀት አወጣሁና አምስት ነገር ጻፍኩ፤ ውሃ፣ ሙቀት፣ ጭረት፣ አልኮልና ሳሙና፣ ጥገና። እያንዳንዱ ቅብ በየትኛው እንደሚበረታ፣ በየትኛው እንደሚወድቅ ማየት ፈለግሁ።

ሁለቱን ገና ሳልሞክራቸው ጣልኳቸው። አንደኛው ወፍራም ሆኖ የሚፈስሰው ኢፖክሲ ነው። መስታወት የመሰለ ገጽ ይሰጣል። ብዙዎቹ ዓይነቶች ግን ትኩስ ድስት ሲያርፍባቸው ይለሰልሳሉ፤ ፀሐይ ሲያገኛቸው ይቢጫሉ። በዚያ ላይ ከተጫረ መላውን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው። የእኛ ጠረጴዛ ደግሞ መስኮት ሥር ነው ያለው። ሁለተኛው ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጨው ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሪቴን (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚጠጥር ቅብ) ነው። በጥንካሬ ረገድ ከሁሉም የላቀ ነው ብል አልሳሳትም። ማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት ግን ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ያስይዛል። በወጉ ለመርጨት ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭምብልና የተዘጋጀ ክፍል ይጠይቃል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን አላደርግም። ወርክሾፕ ላለው ባለሙያ ልተወው።

አምስት ቁራጭ እንጨት

ከሥራው የተረፉ የኦክ ቁራጮች ነበሩኝ። አምስቱን በ180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እኩል አለሰለስኳቸው። በጀርባቸው ስም ጻፍኩ። አንዱን ሼላክ፣ አንዱን ናይትሮ ላከር (በቲነር የሚቀጥን ቅብ)፣ አንዱን ጠንካራ ሰም የተዋሃደበት ዘይት፣ አንዱን ውሃ ወለድ (በውሃ የሚቀጥን) ፖሊዩሪቴን፣ የመጨረሻውን ዘይት ወለድ (ዘይት ያለበት) ፖሊዩሪቴን ቫርኒሽ ቀባሁ። ከዚያ 30 ቀን አስቀመጥኳቸው። ይሄ መጠበቅ ከባድ ነበር፤ ግን ቀልድ የለውም። ቫርኒሽ በአንድ ቀን እጅ ላይ አይጣበቅም፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ሦስትና አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። በሳምንቱ የሞከረ ሰው ያልጠነከረ ቅብ ነው የሞከረው።

ፈተናዎቹን ከራሳችን ቤት ወሰድኩ። ሥሩ የረጠበ ብርጭቆ አንድ ሌሊት አሳደርኩባቸው። ውሃ የፈላበት ድስት ለ10 ደቂቃ አስቀመጥኩባቸው። የእጅ ሳኒታይዘር ጠብ አድርጌ ሳልጠርግ ተውኩት። በሳንቲም ጫርኳቸው። አንድ ነጠላ ወረቀት አነጠፍኩና ትልቁ ልጄ የቤት ሥራውን በእስክሪብቶ እየተጫነ እንዲጽፍባቸው አደረግሁ።

ሼላክ ገና ከመጀመሪያው ተሸነፈ። ሼላክ ላክ ከሚባል ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ በአልኮል ሟሙቶ ይቀባል። ስለዚህ አልኮል ሲያገኘው ተመልሶ ይሟሟል። ሳኒታይዘሩ የነካው ቦታ ጣት ላይ ተጣበቀ። ድስቱም ነጭ ክብ ተወበት። አንድ ነገር ግን ይመሰገናል፤ ትንሽ አልኮል ነክሬ በጨርቅ ሳሸው ጉዳቱ ከነበረው ጋር ተዋሕዶ ጠፋ። ለመጠገን ከሁሉም የቀለለው እሱ ነው። ለምግብ ጠረጴዛ ባይሆንም ይህን ባሕርዩን ልብ አልኩ፤ በኋላ ጠቀመኝ።

ላከሩ በግማሽ ሰዓት የሚደርቅ፣ እጅ ላይ ደስ የሚል ነው። ድስቱ ግን ነጭ ጥላ ጣለበት። ሽታውና ቲነሩም ቤት ውስጥ የሚቻል አይደለም።

ሰም የተዋሃደበትን ዘይት ባለቤቴ ወደደችው። እውነቷን ነው፤ እንጨቱን እንጨት አድርጎ ያስቀረዋል። የሳንቲሙ ጭረት ብዙም አይታይበትም። ብርጭቆው ያደረበት ቦታ ደብዘዝ ያለ ክብ ቀረበት፤ እዚያችው ላይ በስሱ ብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ትንሽ ዘይት ስቀባው ጠፋ። አንድ ቦታ ብቻ ነጥሎ መጠገን የሚቻልበት ቅብ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚበላበት ቤት ቢሆን እሱን እመርጥ ነበር። ስድስት ሰው ባለበት ግን በየጥቂት ወሩ ማደስ ሊኖርብኝ ነው። የተልባ ዘይቱን ጣጣ አስታወሰኝ።

ውሃ ወለዱ በሁለት ሰዓት ደረቀ፤ አይሸትም፤ ብሩሹ በውሃ ይታጠባል። ውሃውን በደንብ ቻለ። ድስቱ ግን ስስ ምልክት ተወበት። መልኩም ኦክ ላይ ትንሽ ገረጣብኝ፤ ዘይት እንደሚያደርገው አያሞቀውም። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ውሃ ወለድ ቅብ ኦክ ላይ ስትቀቡ በድርቦች (በአንዱ ቅብና በሚቀጥለው) መካከል የብረት ሱፍ እንዳትጠቀሙ። ተሰብሮ የሚቀረው የብረት ብናኝ ከውሃውና ከታኒኑ ጋር ተገናኝቶ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ያው የእኔ ድስት ታሪክ ነው፤ በትንሹ።

ዘይት ወለዱ ፖሊዩሪቴን ውሃውን፣ ድስቱንና ሳኒታይዘሩን ያለ ምልክት አሳለፈ። የሳንቲሙ ጭረት ግን ነጭ መስመር ሆኖ ታየ። መልኩ ማር ማር ይላል፤ ከጊዜ ጋርም እየጠቆረ ይሄዳል። ኦክ ላይ ያምርበታል ብዬ ተቀበልኩት።

የእስክሪብቶው ፈተና ደግሞ ያልጠበቅኩትን አስተማረኝ። አምስቱም ላይ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ቅቡን ጠጋ ብዬ ሳየው አልተሰነጠቀም፤ የጎደጎደው እንጨቱ ነው። ለካ ቅብ እንጨትን አያጠነክርም። እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ የፈለገውን ብትቀቡት ይጎደጉዳል። ኦክ ጠንካራ ስለሆነ በብርሃን ካላዘነበላችሁት የጽሑፉ ፈለግ አይታይም።

ጥገናው ውሳኔውን ለወጠው

እስካሁን ባለው ዘይት ወለዱ አሸነፈ። አንድ ነገር ግን እረፍት ነሳኝ። ፖሊዩሪቴን አንዴ ከጠጠረ አዲሱ ድርብ ከድሮው ጋር አይሟሟም፤ ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። በወፍራሙ በብሩሽ ከተቀባ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ ልጠግን ብትሉ የድርቦቹ ድንበር እንደ ካርታ መስመር ይታያል።

ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የከነከናት። «ፕላስቲክ እንዳይመስልብኝ» አለችኝ። ወፍራም ቅብ ካየች ጀምሮ የምትለው ይህንኑ ነው።

የሁለታችንም ጭንቀት አንድ መፍትሔ ነበረው። ያንኑ ቫርኒሽ አኳራጅ በሚባለው ማቅጠኛ አቅጥኖ በጨርቅ መቀባት። በጨርቅ የሚገባው ድርብ በጣም ስስ ነው፤ በግምት ሦስቱ የአንድ ብሩሽ ድርብ ያህላል። ሥራው ይበዛል። ነገር ግን አይንጠባጠብም፣ የብሩሽ መስመር አይተውም፣ አቧራ ለመያዝ ጊዜ አያገኝም። ሲጠገንም ገጹን በሙሉ ቀለል አድርጎ አሽቶ አንድ ስስ ድርብ መጨመር ነው። ከፊል አብረቅራቂውን መረጥን። በጣም የሚያብረቀርቅ ገጽ እያንዳንዱን ጭረት ያሳያል።

መፋቁ

ከመቀባት በላይ የደከምኩት ሰሙን በማውጣት ነው። ሰም ላይ ቫርኒሽ አይዝም። አኳራጅ በነከረ ጨርቅ እያሸሁ፣ ጨርቁን እየለወጥኩ አራት ጊዜ ጠረግሁ። ከዚያ በስስ የብረት መፋቂያ ላዩን ገፈፍኩ። ቀጥዬ በ80፣ በ120፣ በመጨረሻ በ180 ብርጭቆ ወረቀት ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትዬ አለሰለስኩ።

ስለ ጨርቆቹ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። የተልባ ዘይት ወይም ቫርኒሽ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ዘይቱ ሲጠጥር ሙቀት ያወጣል፤ ጨርቁ ከተከመረ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ በተባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተነሳው እሳት የጀመረው እንጨት ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች 22ኛው ፎቅ ላይ ትተውት በሄዱት በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ነው። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። እሳቱ የቆመው 30ኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ነው። እኔ ጨርቆቼን ክዳን ባለው ጣሳ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ፤ ወይ ደጅ አንድ በአንድ ዘርግቼ እስኪደርቁ እጠብቃለሁ። ልጆቼም ያውቃሉ፤ ያን ጣሳ ማንም አይነካም።

ለጥቁሩ ቀለበት ኦክሳሊክ አሲድ ተጠቀምኩ። የብረትን ጥቁረት የሚያወጣው እሱ ነው። በሙቅ ውሃ አሟሙቼ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ ገጹን በሙሉ ቀባሁት፤ ቀለበቱን ብቻ ብቀባ ኖሮ ሌላ ነጭ ምልክት ይወጣ ነበር። ቀለበቱ ዓይኔ እያየ እየሳሳ ሄደ። መርዝ ስለሆነ ሦስት ጊዜ በውሃ አጠብኩት። ሳይታጠብ ማሸት አይገባም፤ ብናኙ አፍንጫና ሳንባን ያቃጥላል። ቀለበቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። እንደ ጥላ የሆነች ቅስት ቀረች። ሁለተኛ ዙር ልሞክር ስል እናቴ «ተወው፣ ይበቃዋል» አለችኝ።

ስድስት ስስ ድርብ

ከሥሩ ጀመርኩ። የጠረጴዛ ሥር አይታይም ብሎ መተው ስህተት ነው። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፣ ይሰጣልም። ላዩ ተዘግቶ ሥሩ ክፍት ከሆነ ሁለቱ እኩል ስለማይሄዱ ገጹ ይጎብጣል። ሥሩን አራት፣ ላዩን ስድስት ጊዜ ለመቀባት ወሰንኩ።

የመጀመሪያውን ድርብ ቫርኒሹንና አኳራጁን እኩል በእኩል አድርጌ ቀባሁ፤ ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ። ከዚያ በኋላ ሦስት እጅ ቫርኒሽ፣ አንድ እጅ አኳራጅ። ቆርቆሮውን መናጥ የለም፤ አረፋ ይፈጥራል። ቀስ ብሎ ማማሰል ግን የግድ ነው፤ ብርቀቱን የሚቀንሰው ዱቄት ከታች ስለሚዘቅጥ።

ሁለተኛው ድርብ ላይ ችግር ገጠመኝ። ቀብቼ ሳልጨርስ በጠርዙ በኩል መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ቫርኒሹ ተሰበሰበ። ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ወጡ፤ እያንዳንዱ መሃሉ ደረቅ፣ ዙሪያው ያበጠ፤ የዓሣ ዓይን ይመስላል። ቦታውን አወቅኩት። ሰም ስቀባ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚያ ጠርዝ ነበር። አራት ጊዜ ጠርጌም ሰሙ የእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ቀርቷል። ላዩ ላይ ደጋግሜ ልቀባበት ፈለግሁ። አልቀባሁም፤ እርጥቡን በአኳራጅ ጠረግሁት።

ማግስቱን ያን ቦታ አሽቼ እንደገና አጠብኩ። ከዚያ ያ በፈተናው የወደቀው ሼላክ ሥራ አገኘ። ሼላክ ከማንኛውም ነገር ጋር ማለት ይቻላል ይጣበቃል፤ ከሥሩ ያለውን ቅባት አፍኖ ይይዛል። ሰሙ የተጣራለትን ዓይነት ነው የተጠቀምኩት፤ ያልተጣራው የራሱ ሰም ስላለው ፖሊዩሪቴን አይይዝበትም። አንድ ስስ ድርብ ቀባሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቫርኒሹን ስመልስበት ተስተካክሎ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው። አንድ ድርብ በቀን፣ በየመሃሉ በ320 ቁጥር ቀለል ያለ ማሸት። መድረቁን የማውቀው በብናኙ ነው። ስታሹት ደረቅ ነጭ ዱቄት ከወጣ ዝግጁ ነው። ወረቀቱ ላይ እየተድበለበለ ከተለጠፈ ገና ነው፤ ተዉት። አራተኛው ድርብ ላይ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ስለነበር ተለጠፈብኝ፤ ሁለት ቀን ጨመርኩለት። አንድ ሊትር ቫርኒሽ እግሮቹን ጨምሮ ለሁሉም በቃኝ።

ካለቀ በኋላ ሳምንት ሙሉ አልበላንበትም። 30 ቀን እስኪሞላ ደግሞ ምንም ነገር ላዩ ላይ አላሳደርንም። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ እስካሁን አናነጥፍም። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ወደ ቅቡ እየሰረገ ያጣብቀዋል። የላፕቶፑ የጎማ እግሮችም እንዲሁ ናቸው፤ ባለቤቴ ከሥሩ ጨርቅ ታደርጋለች።

ከ14 ወር በኋላ

አንድ የውሃ ክብ የለም። ብርጭቆ ያድርበታል፣ ውሃ ይደፋበታል፣ ይጠረጋል፣ አለቀ።

ጭረት አለ። አንድ ረጅም ነጭ መስመር ከሹካ፣ ሌሎች ጥቃቅን። ከቀጥታ ብርሃን ውጭ አይታዩም። አንድ ጊዜ ከምድጃ በቀጥታ የወጣ ትሪ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ክብ ተወ። በፀጉር ማድረቂያ ከራቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ሳሞቀው እርጥበቱ ወጥቶ ጠፋ። ደነገጥኩ እንጂ ቀላል ነበር።

ያልጠበቅኩት ጉዳት የመጣው ከእጅ ነው። ትንሿ ልጅ የምትቀመጥበት ጠርዝ ላይ ቅቡ ትንሽ ለሰለሰ፤ ጥፍር ሲያርፍበት ይሰማል። ሰው ክንዱን ሲያሳርፍ ላብና የቆዳ ቅባት ይቀራል፤ ይህ ከጊዜ ጋር ቫርኒሽን ያለሰልሳል። ጨርቅ ደግሞ ሁልጊዜ መሃሉን ይጠርጋል እንጂ ጠርዙን ይዘላል። አሁን በሳምንት አንድ ጊዜ ጠርዞቹን ለስለስ ባለ ሳሙና እንጠርጋለን። እሱ የልጆቹ ሥራ ሆኗል።

ባለፈው ወር የመጀመሪያውን እድሳት አደረግሁ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ገጹን በሳሙና ውሃ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ በ400 ቁጥር ቀለል አድርጌ አሸሁ፣ አንድ ስስ ድርብ በጨርቅ ቀባሁ። ሁለት ሰዓት አልፈጀብኝም። ረጅሙ የሹካ መስመር ጠጋ ብሎ ለሚፈልገው ብቻ የሚታይ ሆነ። ሁለት ቀን አስደረቅኩትና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ያቺ የጥላ ቅስት በመስኮቱ በኩል አለች። ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ትታያለች። እናቴ ሻይዋን እዚያችው ላይ ታስቀምጣለች፤ ብርጭቆው ልክ ቅስቷ ላይ ነው የሚያርፈው።